ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ ወይስ ሌላ? ለዕለት ተዕለት ሥራ ብራውዘር የመምረጫ ንጽጽር

ብራውዘር መርጦ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ከዕቃው ጋር ተጭኖ የመጣውን ሲሆን፣ አንድሮይድ ስልክ የገዛ ሰው ክሮምን፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የገዛ ኤጅን፣ የአፕል ምርት የገዛ ደግሞ ሳፋሪን ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ የመጣውን የመቀበል ልማድ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመገመት አንድ አኃዝ ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት በጉግል ላይ በመሠረተው የገበያ ሞኖፖሊ ክስ ይፋ በሆኑ ሰነዶች መሠረት፣ ጉግል በሳፋሪ ላይ ቀድሞ የተመረጠ የፍለጋ አገልግሎት ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው አብዛኛው ተጠቃሚ ቅንብሩን እንደማይነካ ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ብራውዘሮቹን የምመዝነው፣ ማንም ሳይነካቸው ተጭነው በተከፈቱበት ሁኔታ ምን እንደሚሠሩና የማንን ጥቅም እንደሚያስቀድሙ በማየት ነው።

ሞተሩ ሦስት፣ ቦዲው ብዙ

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ግምት መነሣት አለበት፤ ይኸውም «የትኛው ይፈጥናል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ድረ ገጽን አንብቦ በስክሪን ላይ የሚሥለው የብራውዘሩ ክፍል ሞተር ይባላል፤ ዛሬ በስፋት አገልግሎት ላይ ያሉት ሞተሮች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። የጉግሉ ብሊንክ በክሮም ውስጥ ይገኛል፤ የአፕሉ ዌብኪት በሳፋሪ ውስጥ፣ የሞዚላው ጌኮ ደግሞ በፋየርፎክስ ውስጥ። ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የጉግልን ሞተር የተዋሱ ናቸው። ክሮም ራሱ በ2008 ሲጀምር የዌብኪትን ሞተር ይጠቀም ነበር፤ በ2013 ከዚያ ተነጥሎ ብሊንክን መሠረተ። በዚያው ዓመት የኖርዌዩ ኦፔራ ለዓመታት ሲያለማው የኖረውን የራሱን ሞተር ትቶ ወደ ጉግል ሞተር ዞረ፤ ማይክሮሶፍትም በጥር 2020 ኤጅን በዚሁ መሠረት ላይ እንደ አዲስ አንጾ አወጣው። ብሬቭ፣ ቪቫልዲና የሳምሰንግ ስልኮች ብራውዘርም እንዲሁ ናቸው።

ነገሩ የአይሱዙን ሻንሲ ገዝቶ አገር ቤት ቦዲ እንደሚሠራለት «ቅጥቅጥ» አውቶቡስ ነው። መቀመጫው፣ መጋረጃው፣ የጣሪያው መጫኛ ይለያያል፤ ዳገቱን የሚያወጣው ሞተር ግን አንድ ነው። በኤጅና በክሮም መካከል የፍጥነት ልዩነት የሚታየው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው በአንዱ ላይ የተከማቸ ኤክስቴንሽን (በብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እና ተከፍቶ የተረሳ ታብ በሌላው ላይ አለመኖሩን ነው። በአይፎን ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም የጠበበ ነው፤ አፕል በስልኩ ላይ የሚጫን ብራውዘር ሁሉ የእሱን ዌብኪት እንዲጠቀም ያስገድድ ስለነበር፣ በአይፎን ላይ ያለው ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ከውስጥ ሲታይ የሳፋሪ ዘመድ ነው። በ2024 ይህ ግዴታ የተነሣው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲሆን፣ ምክንያቱም የኅብረቱ የዲጂታል ገበያ ሕግ ነው።

የሞተሩ መመሳሰል ለተራው ተጠቃሚ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። ጥቅሙ ድረ ገጽ ሠሪዎች አስቀድመው የሚሞክሩት በክሮም ስለሆነ፣ በዚያው ሞተር የሚሄድ ብራውዘር የያዘ ሰው «ገጹ አልሠራልኝም» የሚልበት አጋጣሚ ጥቂት መሆኑ ነው። ጉዳቱ ጉግል በሞተሩ ላይ የሚወስነው ውሳኔ የተዋሱትንም ሁሉ የሚነካ መሆኑ ነው፤ ለዚህ ምሳሌው ኤክስቴንሽንን በተመለከተ ከታች ይመጣል።

ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው

በአገራችን ብራውዘር ለመምረጥ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት፣ ገጹን የሚከፍተው ሰው በዋይፋይ ነው ወይስ በቀን ፓኬጅ የሚለው ነው። በቢሮ ወይም በቤት መስመር የሚጠቀም ሰው ይህን ክፍል መዝለል ይችላል።

ኦፔራ ሚኒ ከ2006 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው አገልግሎት በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ስልኩ ገጹን በቀጥታ ከድረ ገጹ አያመጣም፤ ጥያቄው ወደ ኦፔራ ሰርቨር ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ገጹን ከፍቶ ሥዕሉን አሳንሶ፣ ከባድ ከባዱን ነገር አውልቆ፣ የተጨመቀውን ውጤት ለስልኩ ይልካል። ጽሑፍ በበዛበት ገጽ ላይ ቁጠባው እጅግ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ፖስተኛ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ አሳጥሮ ገልብጦ የሚያመጣ ፖስተኛ ነው። ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ እስከ ድረ ገጹ ያለው መንገድ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ በከፍተኛው የቁጠባ ስልት መሐል ላይ ይፈታል። ስለዚህ ዜና ለማንበብ፣ የእግር ኳስ ውጤት ለማየት፣ ረጅም ጽሑፍ ለማውረድ እመክረዋለሁ፤ ባንክ ለመግባት፣ የይለፍ ቃል ለመጻፍ ወይም የመንግሥት አገልግሎት ቅጽ ለመሙላት ግን አልመክረውም። ለኋለኛው ጉዳይ ሌላም ምክንያት አለ፤ በዚህ ስልት የተጨመቀ ገጽ ላይ ብዙ ቁልፎችና ተቆልቋይ ዝርዝሮች በትክክል አይሠሩም። ቪዲዮ የሚያበዛ ሰውም ብዙ መጠበቅ የለበትም፤ ለእሱ የሚቀለው የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው።

ክሮምም በአንድ ወቅት ተመሳሳይ የዳታ ቆጣቢ ስልት ነበረው። ጉግል በ2022 የሞባይል ዳታ ዋጋ በብዙ አገሮች ወርዷል በሚል ምክንያት ሰረዘው። ይህን ያነበበ የእኛ አገር ተጠቃሚ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዛሬም በድሮ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ላይ «በክሮም ቅንብር ውስጥ ላይት ሞድን አብሩ» የሚል ምክር ይገኛል፤ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

ሦስተኛው መንገድ ማስታወቂያን መከልከል ነው። ብዙዎች ማስታወቂያ መከልከልን ከመሰላቸት ጋር ብቻ ያያይዙታል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የማየው የሜጋባይት ጉዳይ አድርጌ ነው። አንድ የዜና ገጽ ሲከፈት ከጽሑፉ ጋር ከሌሎች ብዙ ድርጅቶች የሚመጡ ሥዕሎች፣ በራሳቸው የሚነሡ ቪዲዮዎችና ተጠቃሚውን የሚከታተሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አብረው ይወርዳሉ፤ ዳታውን የሚከፍለው አንባቢው ነው። ብሬቭ እነዚህን ከመጀመሪያው፣ ማንም ሳይነካው፣ ይከለክላል። በአንድሮይድ ላይ ያለው ፋየርፎክስ ደግሞ በራሱ ባይከለክላቸውም ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ኤክስቴንሽን መቀበል ይችላል፤ በአንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ገጹ መሐል ላይ በማንም እጅ ስለማይከፈት፣ ከኦፔራ ሚኒ ያነሰ ቢቆጥቡም ለባንክና ለቅጽም የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

አሮጌ ስልክና አራት ጊጋባይት ራም

«ክሮም ራም (የኮምፒውተሩን የሥራ ማስታወሻ) ይበላል» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ግድየለሽነት ብቻ አይደለም። በ2018 መጀመሪያ ላይ በኮምፒውተር ማቀነባበሪያዎች ውስጥ የተገኙት ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ ክፍተቶች፣ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን ምስጢር ከማስታወሻው ላይ ሊያነብ እንደሚችል አሳዩ። በዚያው ዓመት ክሮም በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ድረ ገጽ በራሱ የተነጠለ ሂደት ውስጥ ማስኬድ ጀመረ፤ ይህም ተጨማሪ ራም ጠየቀ። ፋየርፎክስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። እንግዲህ በአራት ጊጋባይት ራም ላይ ሃያ ታብ የሚከፍት ሰው የትኛውንም ብራውዘር ቢመርጥ ይቸገራል።

ልዩነት የሚመጣው ለጊዜው የማይታዩትን ታቦች በሚያስተኙበት አኳኋን ነው። ኤጅ በዚህ ረገድ ቀድሞ የጀመረ ሲሆን፣ ሳይነኩት ሥራ ላይ ያልዋለን ታብ ያስተኛል። ክሮም ተመሳሳዩን በቅንብሩ ውስጥ በአፈጻጸም ክፍል ሥር አስቀምጦታል፤ ፋየርፎክስ ደግሞ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ሊሞላ ሲል ቆየት ያሉትን ያራግፋል። አራት ጊጋባይት ራም ባለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የምመርጠው ኤጅን ነው፤ ይህን የምለው ግን የመጀመሪያ ገጹን የሚሞላውን የዜና ዝርዝር፣ የግዢ ቅናሽ ጥቆማውንና በጎን የሚቆመውን ረዳት ካጠፉ በኋላ ነው። ኤጅን የሠሩት ሰዎች ጥሩ ብራውዘር ሠርተው ሲያበቁ የሱቅ መስኮት ያስመሰሉት ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማክቡክ ያለው ሰው ደግሞ ባትሪ ለማቆየት ሳፋሪን ይያዝ፤ አፕል ሁለቱንም ራሱ ስለሚሠራቸው የሚጣጣሙትን ያህል ሌላው አይጣጣምም። ሳፋሪ ለዊንዶውስ ከ2012 ጀምሮ አይሠራም፤ ለአንድሮይድም የለም፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ማክ፣ ስልኩ አንድሮይድ የሆነ ሰው የይለፍ ቃሎቹን በሳፋሪ ብቻ ቢያስቀምጥ በስልኩ ላይ አያገኛቸውም።

ከራምም ይልቅ የሚያሳስበው ግን አፕዴት ነው። ያልዘመነ ብራውዘር በር ላይ የተሰበረ ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ዕቃ በብዛት በሚሸጥበት ገበያ ደግሞ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ክሮምና ኤጅ በ2023 መጀመሪያ በእትም ቁጥር 109 ላይ ቆመዋል። ሞዚላ በአንጻሩ የፋየርፎክስ 115ን የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትም ለእነዚሁ አሮጌ ዊንዶውሶች ሲል ከተለመደው ጊዜ እያራዘመ የደኅንነት ጥገና ሲልክ ቆይቷል። በስልክ በኩል ክሮም በ2025 ከቁጥር 139 ጀምሮ አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ አንድሮይድ 8 እና 9 ያላቸው ስልኮች በ138 ላይ ቀርተዋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 ቢያበቃም ማይክሮሶፍት ኤጅን በዚያ ላይ ቢያንስ እስከ 2028 እንደሚያዘምን አስታውቋል። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የያዘ ሰው ንጽጽሩን መጀመር ያለበት የትኛው ብራውዘር አሁንም አፕዴት እንደሚልክለት በማየት ነው፤ ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን ወደ አንድ ወይም ሁለት ያወርደዋል።

አማርኛ የሚነበብባቸውና የሚተረጎምባቸው

በውጭ ቋንቋ የሚጻፉ ንጽጽሮች ይህን ጉዳይ አያነሡትም። የፊደላችን ገበታ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ማንኛውም ዘመናዊ ብራውዘር አማርኛን ያሳያል፤ ባዶ ሣጥን የሚታየው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የፊደል ቅርጹ ሳይጫን ሲቀር ነው። ሆኖም ማሳየት አንድ ነገር፣ ለዓይን በሚመች መልኩ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ድረ ገጾች የሚመርጡት ለላቲን ፊደል ብቻ የተሠራ ቅርጽ ስለሆነ፣ አማርኛውን በምን ቅርጽ ላሳየው የሚለውን ብራውዘሩ በራሱ ይወስናል።

እዚህ ላይ ፋየርፎክስ ብዙ ሰው የማያውቀው ብልጫ አለው። በኮምፒውተር ላይ ባለው እትም፣ በቅንብሩ የፊደል ቅርጽ ክፍል ውስጥ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ ፊደል ከላቲኑ ተለይቶ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። አንባቢው ለላቲኑ አንድ ቅርጽ፣ ለግዕዙ ፊደል ደግሞ ኒያላን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን መምረጥ፣ መጠኑንም ለብቻው ማሳደግ ይችላል። ክሮምና ኤጅ በቅንብራቸው የሚያቀርቡት ለሁሉም ጽሕፈት የሚሆን አንድ ምርጫ ነው። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በስክሪን ላይ ለሚያነብ፣ በተለይ ዓይኑ ለደከመ ሰው፣ ይህ ብቻውን ፋየርፎክስን ለመጫን በቂ ምክንያት ነው።

በትርጉም በኩል ሚዛኑ ይገለበጣል። ክሮም የጉግልን ተርጓሚ፣ ኤጅ የማይክሮሶፍትን ተርጓሚ ይዘው ስለሚመጡ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ ገጽን በአንድ ጠቅታ ወደ አማርኛ ያዞራሉ። ትርጉሙ ለውልና ለሕክምና ማዘዣ የሚታመን ባይሆንም የገጹን ጠቅላላ ሐሳብ ለመረዳት ይበቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖች የዓረብኛ የመንግሥት ገጽ ሲከፍቱ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለች እናት ልጇ የላከላትን የእንግሊዝኛ ገጽ ልታነብ ስትፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፋየርፎክስ ገጹን ወደ ማንም ሰርቨር ሳይልክ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚተረጉምበትን ስልት በ2023 አምጥቷል፤ ለምስጢር እጅግ የተሻለ አሠራር ነው፤ ግን በዋናነት በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጀመረ በመሆኑ አማርኛ ዋና ጉዳዩ የሆነ ሰው ክሮምን ወይም ኤጅን ቢይዝ ይሻለዋል። ክሮም የራሱን ምናሌና ቅንብርም በአማርኛ ያቀርባል፤ ለአንዳንዱ ሰው «ማንነት የማያሳውቅ» የሚለውን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ መፍታት ይከብደዋል ቢባልም።

ሁሉም እኩል የሚወድቁበት አንድ ቦታ አለ፤ በገጽ ውስጥ ቃል ሲፈለግ «ሥራ» ብሎ የጻፈ ሰው «ስራ»ን አያገኝም፣ «ዓለም» ያለም «አለም»ን አያገኝም። ሞክሼ ፊደሎችን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ብራውዘር አልገጠመኝም። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው።

ማን ይከታተላል፣ ማን ይከለክላል

አንድ ሰው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ጫማ አይቶ በሌላው ላይ የጫማ ማስታወቂያ የሚከተለው፣ በአብዛኛው የሦስተኛ ወገን ኩኪ በሚባሉት፣ ከድረ ገጹ ባለቤት ሌላ የሆነ ድርጅት በብራውዘሩ ውስጥ በሚያስቀምጣቸው ምልክቶች ምክንያት ነው። ሳፋሪ እነዚህን ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁ ተከታታዮችን መከልከል ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ በራሱ ማሰሮ ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥን መደበኛ አሠራሩ አደረገ። ጉግል በ2020 መጀመሪያ ላይ «በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም አስወግዳቸዋለሁ» ብሎ ነበር፤ ቀኑን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በ2024 ሐሳቡን ተወው። ከጉግል ገቢ አብዛኛው ከማስታወቂያ እንደሚገኝ የሚያስታውስ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ክሮም ደኅንነቱ ጠንካራ፣ ሥራው የተሳለጠ ብራውዘር ነው፤ ባለቤቱ ግን የማስታወቂያ ነጋዴ ነው።

ከላይ ያነሣሁት የኤክስቴንሽን ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጉግል ኤክስቴንሽኖች የሚሠሩበትን ደንብ «ማኒፌስት ሦስት» በሚል ስም ሲለውጥ፣ የቀድሞው ዩብሎክ ኦሪጅን ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከክሮም ወጥቷል፤ የቀረው አቅሙ የተቀነሰ «ላይት» የተባለ እትም ነው። ለውጡ በሞተሩ ላይ የተደረገ ስለሆነ የተዋሱትም የሚከተሉት ነው። ብሬቭ መከልከያውን በራሱ ውስጥ ስለገነባ ብዙም አልተነካም፤ ፋየርፎክስ ሙሉውን እትም አሁንም ይቀበላል።

እንዲህ ሲባል ግን ሌሎቹ ነቀፋ የለባቸውም ማለት አይደለም። የሞዚላ ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ጉግልን የፋየርፎክስ ቀዳሚ የፍለጋ አገልግሎት አድርጎ በማስቀመጡ ከሚከፈለው ክፍያ ነው፤ በ2025 መጀመሪያም የአጠቃቀም ውሉን ሲያሻሽል «መረጃችሁን ፈጽሞ አንሸጥም» የሚለውን ግልጽ ቃል ከጥያቄና መልስ ገጹ በማውጣቱ ከተጠቃሚዎቹ ብርቱ ቅሬታ ገጥሞት የውሉን አገላለጽ ማስተካከል ግድ ሆኖበታል። ብሬቭ በ2020 ተጠቃሚው የአንዳንድ የክሪፕቶ መገበያያዎችን አድራሻ ሲጽፍ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ጨምሮ ሲሞላ ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል፤ ዛሬም የክሪፕቶ ቦርሳና ሽልማት የሚሉ አዝራሮቹን ማጥፋት የመጀመሪያ ሥራ ነው። የኦፔራ ዋና መሥሪያ ቤት ኦስሎ ቢሆንም ከ2016 ጀምሮ ባለቤትነቱ በቻይና ባለሀብቶች እጅ ነው፤ በኮምፒውተር እትሙ ላይ «ነጻ ቪፒኤን» የሚለውም የብራውዘሩን መስመር ብቻ የሚያዞር እንጂ የኮምፒውተሩን መስመር ሁሉ የሚሸፍን አይደለም። በ2025 የወጡት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ብራውዘሮች፣ ኮሜትና አትላስ፣ በዚያው በጉግል መሠረት ላይ የቆሙ ሲሆኑ ገጹን በተጠቃሚው ምትክ አንብበው ጠቅ የሚያደርጉ ናቸው፤ ለባንክ ሥራ የምከፍታቸው ጊዜ ገና ነው።

አንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ሰው

በኢንተርኔት ቤት፣ በቢሮ የጋራ ኮምፒውተር ወይም ቤተሰብ በሚቀባበለው ስልክ ላይ የሚሠራ ሰው ስለ ኩኪ ከመጨነቁ በፊት ከእሱ በኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ማሰብ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰነድ ለማተም በገባሁበት አንድ ኢንተርኔት ቤት፣ የኢሜይል ገጽ ስከፍት የማላውቀው ሰው የመልእክት ሣጥን ተዘርግቶ ጠበቀኝ፤ የይለፍ ቃሉም በብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዘግቼለት ወጣሁ፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳየው ግን ማን ያውቃል።

ለዚህ ሁሉም ብራውዘሮች ያላቸው የግል መስኮት ይበቃል። መስኮቱ ሲዘጋ ታሪኩን፣ ኩኪውንና የገባንበትን አካውንት ይጥላል፤ የወረደው ፋይል ግን በኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። የማያደርገውን ማወቅም ይጠቅማል፤ ከድረ ገጾቹ፣ ከቢሮው የኔትወርክ ኃላፊ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውርም። በአሜሪካ በ2020 በዚሁ ጉዳይ የተከሰሰው ጉግል በ2024 በተደረሰ ስምምነት ከእንደዚህ ያለ አሰሳ የሰበሰበውን መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። በቤት ውስጥ ደግሞ ክሮምና ኤጅ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ፕሮፋይል መክፈት ስለሚያቀሉ፣ የአባት የባንክ ገጽና የልጅ የጨዋታ ገጽ እንዳይደባለቁ ይረዳሉ። ፋየርፎክስ በኮምፒውተር ላይ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች በአንድ ዋና የይለፍ ቃል የመቆለፍ አማራጭ አለው፤ ላፕቶፑን ለሰው የሚያውስ ይህን ያብራ።

እንግዲህ የቱ?

እኔ ራሴ የምሠራበት አሠራር ሁለት ብራውዘር መያዝ ነው፤ የጠየቀኝንም የምመክረው ይህንኑ ነው። ለዕለት ንባብ፣ ለዜናና ለፍለጋ ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ጋር እጠቀማለሁ፤ ለባንክ፣ ለክፍያና ለቅጽ ደግሞ ምንም ኤክስቴንሽን ያልተጫነበት በጉግል ሞተር የሚሄድ ሌላ ብራውዘር አለኝ። ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ የመስመር ላይ ማመልከቻ ነው። አምስት ገጽ ሞልቼ የመጨረሻው የማስረከቢያ አዝራር በፋየርፎክስ አልነቃ አለኝ፤ በክሮም ከፍቼ እንደገና ከመጀመሪያው ሞላሁ፤ ሄደልኝ። ጥፋቱ የብራውዘሩ ይሁን የገጹ ሠሪ ብዙ ማከራከር ይችላል፤ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ግን ክርክር አይጠብቅም። ከዚህም ሌላ፣ የባንኩን ብራውዘር ከባንክ በቀር ለሌላ ነገር አለመክፈት፣ በኤክስቴንሽንና በአጠራጣሪ ገጽ በኩል የሚመጣን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለት መያዝ የማይፈልግ ሰው እንደየሁኔታው ይምረጥ። አንድሮይድ ስልክ ብቻ ያለውና ዳታ በቀን የሚገዛ ሰው ብሬቭን ይጫን፤ በጣም ሲጠብበት ለንባብ ብቻ ኦፔራ ሚኒን ይጨምር። ሥራው በጂሜይል፣ በጉግል ሰነዶችና በአማርኛ ትርጉም ላይ የተመሠረተ ሰው ከክሮም ቢወጣ የሚያገኘው ጥቂት፣ የሚያጣው ብዙ ነው፤ ለእሱ የሚሻለው ክሮምን ይዞ በግላዊነት ቅንብሩ ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኩኪን መዝጋት ነው፤ ምርጫው እዚያው አለ፣ የሚያበራው ሰው ነው የጠፋው። ቢሮው የማይክሮሶፍት አካውንት የሰጠው ሰው ኤጅ ይበቃዋል። ስልኩም ላፕቶፑም አፕል የሆነ ሰው ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም። ቪቫልዲ በደርዘን የሚቆጠሩ ታቦችን መደርደር ለሚወድ ሰው ደስ የሚል መጫወቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ይበዛበታል። ምርመራ የሚያካሂድ ጋዜጠኛ ወይም ማንነቱ ቢታወቅ የሚጎዳ ሰው የሚያስፈልገው ቶር የተባለው ማንነትን የሚሰውር ብራውዘር ነው፤ ዝግተኛነቱ ግን ለዕለት ሥራ አይመችም።

የሚለውጥ ሰው የድሮውን በአንድ ቀን አይሰርዝ፤ ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ያኑራቸው። በኮምፒውተር ላይ አዲሱ ብራውዘር ሲከፈት የተቀመጡ ገጾችን፣ ታሪክንና የይለፍ ቃሎችን ከድሮው እንዲያመጣ ይጠይቃል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይሄዳል። ካልሄደ የይለፍ ቃሎቹን ከድሮው ብራውዘር ሲኤስቪ በሚባል ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ ወደ አዲሱ ማስገባት ይቻላል። ይህ ፋይል ግን አልተመሰጠረም፤ የከፈተው ሁሉ እያንዳንዱን የይለፍ ቃል እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ያነበዋል። ስለዚህ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም አይላክ፤ አዲሱ ብራውዘር መቀበሉ እንደተረጋገጠም ከወረደበት ፎልደር፣ ቀጥሎም ከቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ይጥፋ።